የከረመ የጥጥ ጉቶ የጎረቤትን ማሳ ያስበላል

በመተማና በቋራ ቆላ የመጨረሻው የጥጥ ለቀማ ሲያበቃ የብዙው ገበሬ ሐሳብ ወደ ገበያ ይዞራል። ጥጡ በጆንያ ታጭቆ ይወጣል፤ እንጨቱ ግን ከነቅጠሉ፣ ሳይፈነዳ ደርቆ ከቀረ ፍሬው ጋር እዚያው ቆሞ ይቀራል። የመጪው ዓመት ትል የሚከርመው በዚሁ በተረሳው እንጨት ላይ ነው።

ጥጥ በየዓመቱ ስለሚዘራ እንደ ጤፍና እንደ ሰሊጥ የአንድ ወቅት ሰብል የሚመስላቸው አሉ። በተፈጥሮው ግን የባሚያና የከርከዴ ዘመድ የሆነ ቁጥቋጦ ነው። አበባው ለጋ ቅቤ መስሎ ይፈካል፣ በማግስቱ ወደ ሮዝነት ያደላል፣ ከዚያም ይረግፋል። ፍሬው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ይፈነዳል። ለቀማው አለቀ ተብሎ ተክሉ አይሞትም። ተቆርጦ የቀረ ጉቶ እርጥበት ካገኘ ያቆጠቁጣል፤ ያለ ወቅቱም አብቦ ለትሉ ስንቅ ይሆናል።

ጥጥን ከሚያጠቁት ትሎች ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ጓይ ትል የሚባለው ሽምብራውንም፣ ቲማቲሙንም፣ ማሽላውንም ስለሚበላ የጥጥ እንጨት በመንቀል ብቻ አይጠፋም። ሁለተኛው፣ ሲያድግ ሮዝ መልክ የሚይዘው ትንሹ የፍሬ ትል፣ ኑሮው በጥጥና በጥቂት ዘመዶቹ ላይ ነው። ፍሬው ውስጥ ገብቶ ዘሩን ይበላል፤ አንዴ ከገባ የሚረጨው መድኃኒት አያገኘውም። ከለቀማ በኋላ በደረቀ ፍሬ፣ በዘርና በመሬት ላይ በወደቀ ቅሪት ተሸጉጦ ወራት ይቆያል። ወቅቱ ሲደርስ የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል። እንቡጥ የያዘ ጥጥ ካገኘ እንቁላሉን ይጥላል፤ ካላገኘ ዘር ሳይተካ ይሞታል።

የትሉ ደካማ ጎን ይህ ነው። ሆኖም ዘጠኝ ገበሬዎች ነቅለው አሥረኛው ቢተው የእሳት እራቱ የማሳ ወሰን አያውቅምና የዘጠኙ ድካም ከንቱ ይሆናል። ጉዳዩ ከባለሙያ ምክር ይልቅ የገበሬ ማኅበር መሪዎችን ውሳኔ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። የመንቀያው ጊዜ በጉባኤ ተቆርጦ፣ የእያንዳንዱ ማሳ መጽዳት በጎረቤት ዓይን መታየት ይኖርበታል። የመዝሪያውም ጊዜ ቢቀራረብ ይበጃል፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ከዘራ ትሉ ከማሳ ማሳ እየተሸጋገረ ይራባል።

የማይነቅሉት ሁሉ ሰነፎች አይደሉም። ለቀማው ሲያልቅ የቀን ሠራተኛው ወደ ደጋ ይመለሳል፤ መሬቱም ደርቆ ይጠነክራል። ስለዚህ ሠራተኛው ሳይበተን፣ አፈሩ ጥቂት እርጥበት እንደያዘ ከነሥሩ መንቀል ይቀላል። ሌላው ምክንያት የማገዶ እጥረት ነው። እናቶች ያንን ሁሉ እንጨት አቃጥሉት ቢባሉ አይሰሙም፤ እውነት አላቸው። እንጨቱ ወደ ቤት ይግባ፤ ነገር ግን የደረቀው ፍሬ አስቀድሞ ተመልምሎ ማሳው ላይ ይቃጠል፣ ማገዶውም ክረምት ሳይገባ ይለቅ። ፍየሎችን ወደ ማሳው ማስገባትም የቀረውን ፍሬ ያስበላል። መድኃኒት የተረጨ ከሆነ ግን በዕቃው ላይ የተጻፈው የቀን ብዛት ማለፍ አለበት።

በ2010 ዓ.ም. በዘረመል ምሕንድስና ትልን እንዲቋቋሙ የተደረጉ ሁለት የጥጥ ዝርያዎች በኢትዮጵያ እንዲዘሩ ተፈቅዷል። ይህን ሰምቶ ነቀላው ቀርቷል የሚል ካለ ወደ ሕንድ ይመልከት። በዚያ አገር ይኸው ሮዝ ትል እንዲህ ያለውን ጥጥ ተለማምዶ መብላት ጀምሯል፤ ገበሬውም የከረመውን እንጨት እንዲያስወግድ እየተመከረ ነው።

አስቸጋሪው ምናልባት የጓሮው ጥጥ ይሆናል። ለፈትል ተብላ ለዓመታት የቆመች አንዲት ቁጥቋጦ በአጥር ሥር አትጠፋም፤ ባለቤቷ አሮጊት እናት ከሆኑ ኮሚቴው በትእዛዝ ባይሄድ ይሻላል። የቆመችው ተነቅላ በክረምቱ መግቢያ፣ ከሌላው ሰው ጋር አብረው የሚዘሩት ንጹሕ ዘር ይሰጣቸው። ለአንድ ጓሮ አንድ እፍኝ ይበቃል።