ለክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ጀማሪዎች የበጎ ፈቃድ ርዳታ እንዴት እንደሚደራጅ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምንጩ ክፍት በሆነ ሶፍትዌር መሥራት የሚጀምሩ ሰዎች ያለ ደመወዝ በሚያገለግሉ ረዳቶች እንዴት ሊረዱ እንደሚችሉ ማስረዳት ነው። በተለይ የተመለከትነው በአዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ የሚገኘውን የአቃቂ ቃሊቲን ክፍለ ከተማ ነው። በዚህ ስፍራ በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከፋብሪካዎች፣ ከብረታ ብረት ሥራ ቤቶችና ከኮምፒዩተር ጽሕፈትና ኮፒ ቤቶች ጋር ጎረቤት ሆኖ ይኖራል። ስለዚህ የሚያውቀውና የሚቸገረው እምብዛም አይራራቁም።

፩. ነገሩ ምንድር ነው

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ማለት የተጻፈበት ኮድ ለማንም የሚታይ፣ ማንም እንዲገለገልበት፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያባዛው በፈቃዱ ሰነድ የተፈቀደ ፕሮግራም ነው። ከነዚህ ዋነኛው ሊኑክስ ሲሆን፣ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ለጽሕፈት ሥራ ሊብሬኦፊስ፣ ለመሣሪያ ንድፍ ፍሪካድ፣ ለምሕንድስና ስሌት ኦክታቭ አለ። ሊብሬኦፊስ በአማርኛም ተተርጉሞ ይገኛል።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎቹን የሚያስቀምጠው ዲስፔስ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ ጤና ሚኒስቴርም የጤና ድርጅቶችን ሪፖርት ለመሰብሰብ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራውን ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለውን ክፍት ሶፍትዌር ተቀብሏል። እንግዲህ ይህን ዕውቀት ማስፋፋት የጥቂት ወጣቶች ጨዋታ ብቻ ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

፪. ጀማሪው የሚሰናከልበት ስፍራ

ሶፍትዌር በገንዘብ ሲገዛ፣ ችግር ቢደርስ ሻጩን መጠየቅ ይቻላል። ክፍት ሶፍትዌር ግን በነጻ ስለሚገኝ የመርዳት ግዴታ ያለበት ማንም የለም። ጀማሪውም አብዛኛውን ጊዜ በሚከተሉት ነገሮች ይሰናከላል፦

ሀ) አዲሱን ሲስተም ሲጭን ነባሮቹን ፋይሎች ያጠፋል፤
ለ) ኮምፒዩተሩ የዋይፋይ ካርዱን አያውቅለትም፤
ሐ) የአማርኛ ፊደል መጻፊያውን ከሴቲንግ ውስጥ አግኝቶ ማብራት ያቅተዋል፤
መ) በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፈ ሰነድ ሲከፍት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይመጣበታል።

የመጨረሻው ችግር ምክንያት አለው። የግዕዝ ፊደል 345 ምልክቶች ይዞ ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደላችንን በራሱ ቊጥር ያስቀምጥ ስለ ነበር፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ አይችልም። ይህን ያልተረዳ ጀማሪ ጥፋቱን በሊኑክስ ላይ ያደርጋል።

በኮምፒዩተር ጽሕፈት የምትተዳደር ሴት መሣሪያዋ ለአንድ ቀን ቢቆም የዚያ ቀን እንጀራዋ ይቀራል። ቶሎ የሚደርስላት ካላገኘች ያለ ፈቃድ ወደ ተባዛው፣ «ክራክ» ወደሚባለው ፕሮግራም ትመለሳለች። ይህም ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይመጣል፤ እድሳትም አያገኝም። አንድ ጊዜ የተመለሰ ሰው ደግሞ ሁለተኛ ለመሞከር አይደፍርም።

፫. አሁን ያለው ርዳታ ስለ ምን አይበቃም

ርዳታ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። ደግ ጓደኛ አለ፤ የቴሌግራም ቡድኖችም አሉ። ይሁን እንጂ በቴሌግራም የተጠየቀው ጥያቄ በሌላው ወሬ ተገፍቶ ይጠፋል፤ ዛሬ የተመለሰውም ነገ እንደ አዲስ ይጠየቃል። ደጉ ጓደኛም ሁሉ እርሱን ብቻ ስለሚጠራ ይደክማል፤ ከተመረቀ በኋላም ዕውቀቱን ይዞ ይሄዳል።

በውጭ አገር ችግሩን ለማቃለል ጠያቂውን የማስተማር ዘዴ ተሞክሯል። ኤሪክ ሬይመንድ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው መመሪያ፣ ጠያቂው አስቀድሞ ራሱ እንዲፈልግ፣ ከዚያም የሞከረውን ሁሉ ዘርዝሮ እንዲጠይቅ ያዛል። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን እንግሊዝኛ ለማያነብና የኢንተርኔት ወጪ ለሚከብደው ሰው ብቻውን አይበቃም። በእኛ ዘንድ የመጠየቁ ሥራ የረዳቱም ድርሻ መሆን አለበት፤ ሐኪም በሽተኛውን እንደሚጠይቅ «ምን ስትነካ ቆመ? ምን የሚል ጽሑፍ አወጣ?» እያለ ነገሩን ማውጣት ይገባዋል።

፬. ሥርዓቱ ከቤታችን ይገኛል

ከዚህ እንደምንረዳው የጎደለው ሥርዓት እንጂ ደግነት አይደለም። ሥርዓቱንም ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዕድር የሟች ቤተ ሰብ «ድንኳኑን ማን ይተክልልኛል?» ብሎ አይጨነቅም፤ ተረኛው የታወቀ ነው፣ ዕቃው በመዝገብ ተጽፏል፣ ተራውን ያጓደለ ይቀጣል። በቅኔ ቤትም የኔታ ጀማሪውን ሁሉ ብቻቸውን አያስተምሩም፤ በትምህርቱ የገፋው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ያለማምዳል። ዕድር ተራንና መዝገብን፣ ቅኔ ቤት ደግሞ ደረጃንና መተካካትን ያስተምረናል።

፭. አደረጃጀቱ

በዚህ መሠረት በአንድ ሰፈር የሚቋቋም የረዳቶች ማኅበር አምስት ነገሮች ያስፈልጉታል።

1. ተረኛ። በሳምንት የታወቀ ቀንና ሰዓት፣ የታወቀ ስፍራ ይኑር። ሁለት ሁለት ሆነው ቢቀመጡ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይጽፋል።

2. መዝገብ። የኮምፒዩተሩ ዓይነት፣ ችግሩና የተገኘው መፍትሔ በአማርኛ ይጻፍ። ይህ መዝገብ ከጥቂት ወራት በኋላ የማኅበሩ ዋና ሀብት ይሆናል።

3. ደረጃ። አዲሱ ረዳት ቀላሉን ይመልስ፤ ያቃተውን ለአስነጋሪው ያስተላልፍ፤ የፕሮግራሙ የራሱ ጒድለት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ እንግሊዝኛ የሚችለው ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ይጻፍ።

4. ወሰን። ፋይሎቹ በሌላ ዲስክ ሳይገለበጡ ምንም አይጫን። ሊኑክስን ከፍላሽ አስነሥቶ፣ ሀርድ ዲስኩን ሳይነኩ መሞከር ስለሚቻል ባለቤቱ አስቀድሞ አይቶ ይወስን። የግል ፋይሉም አይከፈት።

5. መተካካት። ተመራቂው ከመሄዱ አንድ መንፈቅ አስቀድሞ ተተኪውን አጠገቡ አስቀምጦ ያሠልጥን።

በሁሉም ጊዜ ረዳቱ የመዳፊቱንና የቊልፍ ሰሌዳውን ሥራ ለጠያቂው ይተው። በገዛ እጁ ያስተካከለው ሰው ነገ ጎረቤቱን ይረዳል፤ የተስተካከለለት ግን ነገም ይመጣል።

፮. ረዳቱ የሚያገኘው ጥቅም

«ያለ ደመወዝ ማን ይደክማል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ላካኒና ፎን ሂፕል የተባሉ ተመራማሪዎች አፓቺ የተባለውን ክፍት ሶፍትዌር ተጠቃሚዎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚረዳዱ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትመዋል። ረዳቶቹ ከሚያወጡት ድካም 98 በመቶው ለራሳቸው ትምህርት ሆኖ እንደሚመለስላቸው አገኙ። ረዳቶቹ የሌሎችን ጥያቄና መልስ የሚያነቡት ለራሳቸው ለመማር ነውና፤ መልስ ለመጻፍ የሚያጠፉት ጊዜ ጥቂት ነው። በክፍል ውስጥ ስለ ኔትወርክ የተማረ ተማሪም የእውነተኛውን ብልሽት መልክ የሚያየው በተረኛው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በሦስት ዓመት ውስጥ ብዙ ጀማሪዎችን ለማፍራት ታቅዶ የተነሣ ነው። ትምህርቱ በኢንተርኔት ይሰጣል፤ ተማሪው መንገድ ሲጠፋበት ግን አጠገቡ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ማኅበር ሥራውን ሲመዝን «ስንት ኮምፒዩተር ላይ ጫንን?» ብሎ ብቻ መቊጠር የለበትም። ከሦስት ወር በኋላ ስንቱ አሁንም ይሠራበታል? ከተረዱትስ ውስጥ ስንቱ በተረኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ? እነዚህን ሁለት ቊጥሮች በመዝገቡ ራስጌ ይጻፍ።