ዘይቱን ከነልጣጩ

አሰር የበዛበት ፍራፍሬ የቱ ነው ቢባል ብዙ ሰው ማንጎን ይጠራል። ጥርስ መሃል ገብቶ አልወጣ የሚለው ክሩ ምስክር ይሆንለታላ! ሲመዘን ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ 100 ግራም ማንጎ 2 ግራም አሰር እንኳ አይሞላም። ጉልት ላይ በመደብ ተደርድሮ የሚሸጠው ዘይቱን 5 ግራም ያልፋል።

አሰር ወይም ፋይበር የምንለው አንጀታችን ፈጭቶ ወደ ደም ሊያሳልፈው የማይችለው የተክል ክፍል ነው። አንዱ ዓይነት ውሃ ሲያገኝ ዝልግልግ ይሆናል፤ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነትም ይቀንሳል። ሌላው ሳይሟሟ አልፎ ዓይነ ምድርን ያበዛል፣ ድርቀትንም ይከላከላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም እንዲያገኝ ይመክራል። እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር የሚበላ ሰው ከባዶ አይነሳም፤ ፍራፍሬው የጎደለውን ይሞላለታል።

ወደ ዘይቱን እንመለስ። ሲበስል ልጣጩ ቢጫ ይሆናል፣ ሽታው ክፍሉን ይሞላል። ሲቆረጥ ውስጡ ሮዝ ወይም ነጣ ያለ ነው፤ መሃሉ ላይ ጠጠር የሚያህሉ ደረቅ ፍሬዎች ታጭቀዋል። ብዙዎች ልጣጩን ልጠው፣ መሃሉን በማንኪያ ፍቀው ይጥላሉ። አሰርም አብሮ ተጣለ ማለት ነው። በደንብ አጥቦ ከነልጣጩ መግመጥ፣ ፍሬውንም ሳያኝኩ መዋጥ ይሻላል።

አቮካዶ ደግሞ እንደ ቅቤ ስለሚለሰልስ ማንም አይጠረጥረውም እንጂ በእኩል ክብደት ከዘይቱንም ይበልጣል፤ መካከለኛ አቮካዶ ግማሹ ብቻ ወደ 5 ግራም ይሰጣል። ሙዝና ብርቱካን መሃል ላይ ናቸው። ፖም ከተላጠ አሰሩ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሐብሐብ ጥም ለመቁረጥ ካልሆነ በዚህ ረገድ አይቆጠርም።

በለስን ሳልጠራ ባልፍ የሰሜን ሰው ይቀየመኛል። ሻጩ ሁለቱን ጫፎች ይቆርጥና ጎኑን በቢላ ሰንጥቆ ልጣጩን ይከፍተዋል፤ ገዢው እሾሁ ሳይነካው ፍሬውን ብቻ ያነሳል። አሰር አለው፣ ግን ልክ ይፈልጋል። ደረቅ ፍሬው ስለሚበዛ፣ በባዶ ሆድ ብዙ የበላ ሰው ድርቀት ሊይዘው፣ ሲብስም አንጀቱ ሊዘጋ ይችላል።

ጭማቂስ? መፍጫው አሰሩን አያጠፋም፣ ያደቅቀዋል እንጂ። የሚወስደው ወንፊቱ ነው። ተጨምቆ የተጠለለ የብርቱካን ጭማቂ አሰር የለውም ማለት ይቻላል፤ የዘይቱን ጭማቂም ፍሬው እንዳያስቸግር ስለሚጠለል ዕጣው ያው ነው። አቮካዶ ግን እንዳለ ይቀርባል፤ ችግሩ የሚጨመርበት ስኳር ነው። ስለዚህ ጭማቂ ቤት ከገቡ አቮካዶውን ያለ ስኳር ይዘዙ፤ ዘይቱኑን ገዝተው ቤትዎ ይግመጡት። አሰር ያልለመደ ሆድ በአንዴ ሲበዛበት ይነፋልና ቀስ እያሉ ይጨምሩ፣ ውሃም ይጠጡ። የአንጀት ሕመም ያለበት ወይም ሆዱን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።