በኪሳችን የያዝነው በሽታና የደብሩ መዝገብ

ሰው ሲታመም ሐኪም ይጠራል፤ በትንሽ ከተማ ኮምፒውተር ሲታመም ግን የሚጠራው ለዕረፍት የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። የሚማረው ታሪክም ይሁን ቋንቋ፣ «አንተ ተማሪ አይደለህም ወይ?» ከተባለ በኋላ ማምለጫ የለውም። እኛም ባለፈው የዕረፍት ጊዜ የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአርብ ገበያ ሳለን ይኸው ዕጣ ደረሰን። ከዚያ የተማርነው ነገር ለሌሎች ጓደኞቻችንም ይጠቅማል ብለን ስላመንን ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

የጠራን የአንድ ደብር ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ነው። ቢሮው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የብረት ሣጥንና አንድ ኮምፒውተር አለው፤ ኢንተርኔት የሚያገኘውም ከጸሐፊው ስልክ ነው። ዕቃው ጥቂት ይሁን እንጂ በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ የተከማቸው ሀብት ቀላል አይደለም። የክርስትናና የጋብቻ መዝገብ፣ የምእመናን ዓመታዊ አስተዋጽኦ፣ የሕንፃ ማሠሪያው ሒሳብ፣ የይዞታ ደብዳቤዎች ሁሉ እዚያ ናቸው። ከዚህም በላይ ዲያቆናቱ የአንድ አረጋዊ መሪጌታን ዜማ በስልክ ቀርጸው ከፊሉን በኮምፒውተሩ፣ ከፊሉን በአንድ ፍላሽ አስቀምጠው ነበር። መሪጌታው ዛሬ በሕይወት የሉም። ጋይንት የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነችው ዙር አምባ የሚገኙበት አገር ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ድምፅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ጸሐፊው ስንገባ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ የደብሩ መዝገብ እንደ ጉም በነነ» አሉን። ብንመለከት ፋይሎቹ ሁሉ ቀስት ወዳለባቸው ትናንሽ ምልክቶች ተለውጠዋል። ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው «ሾርትከት ቫይረስ» ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ከሠራን በኋላ መዝገቡ ተገኘ። ፍላሹን ግን ከእኛ በፊት አንድ ቅን ሰው «ላጽዳላችሁ» ብሎ ፎርማት አድርጎታል፤ ከዚያም ሌላ ፊልም ተጭኖበታል። በእርሱ ላይ የነበረው ዜማ አልተመለሰም።

በሽታው ከየት እንደ መጣ ስንጠይቅ ጸሐፊው እያመነቱ ነገሩን። ችግሩ የጀመረው ከእኛው አንዱ በፋሲካ ሰሞን መዝሙር ሊያካፍል ፍላሹን በሰካ ማግሥት ነው። ያን ፍላሽ ጤነኛ በሆነ ኮምፒውተር ብንመረምረው ያው ቫይረስ ተገኘበት። ወደ ደብሩ ከመድረሱ በፊት በግቢያችን በር አጠገብ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀምሮ በስንቱ መኝታ ክፍል እንደ ዞረ እግዚአብሔር ይወቀው። እንግዲህ ሐኪም ተብለን የተጠራነው ሰዎች በሽታውን ያመጣነው ራሳችን ነበርን።

ለመሆኑ ቫይረስ ምንድን ነው? ብዙ ሰው ኮምፒውተር ሲያረጅ ወይም አቧራ ሲገባበት የሚመጣ ሕመም ይመስለዋል፤ ነገር ግን ቫይረስ ሰው የጻፈው ፕሮግራም ነው። ሾርትከት የሚባለው ዓይነት በመጀመሪያ እውነተኛውን ፋይል ይሰውረዋል፤ ቀጥሎ በዚያው ስም አንድ ምስለኔ በቦታው ይተክላል። ባለቤቱ ምስለኔውን ሲጫነው ፕሮግራሙ አስቀድሞ ራሱን ያስነሣና በኮምፒውተሩ ውስጥ ይደላደላል፤ ከዚያ በኋላ ሰው እንዳይጠረጥረው የተፈለገውን ፋይል ይከፍታል። የሚቀጥለው ፍላሽ እስኪሰካ ድረስም አድፍጦ ይጠብቃል። ስለዚህ ፋይሉ ተሰወረ እንጂ አልጠፋም፤ ደንግጦ ፎርማት ማድረግ ግን በእርግጥ ያጠፋዋል።

ሌላው ዓይነት ከዚህ ይከፋል። ፋይልን በምስጢር ቁልፍ ቆልፎ፣ «ገንዘብ ክፈልና ልክፈትልህ» የሚል ነው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. የተነሣው ዋናክራይ በጥቂት ቀናት ውስጥ በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ያዘ፤ በእንግሊዝ አገር ሐኪም ቤቶች ሳይቀሩ ሕሙማንን ለመመለስ ተገደዱ። የሚያሳዝነው፣ ዋናክራይ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ከማይክሮሶፍት የወጣው ከሁለት ወር ገደማ በፊት መሆኑ ነው። የተጠቁት ማሻሻያውን ሳይጭኑ የቆዩ ነበሩ።

«የገጠር ደብርን ማን ይፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ፕሮግራም ባለቤቱን መርጦ አይመጣም፤ ያልተዘጋ በር ባገኘበት ይገባል። ሀብታምና ታላቅ መሆንም አያድንም። ከበሽሎ ማዶ ካለችው ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከዘረፋቸው የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬ በለንደኑ ብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በምስል የተቀዱትም በኢንተርኔት ይነበቡ ነበር። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወንበዴዎች የቤተ መጻሕፍቱን ኮምፒውተሮች ሰብረው በገቡ ጊዜ ግን ያ ሁሉ ምስል ለብዙ ወራት ከአንባቢ ተሰወረ። ቤተ መጻሕፍቱ ገንዘብ አልከፍልም አለ። በኋላ ባወጣው ሪፖርት እንደ ገለጸው፣ ወንበዴዎቹ የገቡት ከውጭ ሆነው ለሚሠሩ ሰዎች በተከፈተ በር ሳይሆን አልቀረም፤ ያም በር ከይለፍ ቃል በቀር ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። የዲጂታል ስብስቡ ከመጥፋት የዳነው በሌላ ስፍራ የተቀመጠ ቅጂ ስለነበረው ነው።

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን ለአንድ ደብር የሚያስፈልገውን ጥበቃ በአምስት ነጥብ እንገልጻለን። አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ልማድ ማስተካከል ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ፍላሽን ይመለከታል። ጽሕፈት ቤቱ የራሱ ፍላሽ ይኑረው፤ ይህም ፍላሽ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት አይሂድ። የእንግዳ ፍላሽ ሲመጣ ከመክፈት በፊት በአንቲቫይረስ ይመርመር። በዊንዶውስ 10ና 11 ውስጥ ያለው ዲፌንደር ያለ ክፍያ ይህን ይሠራል፤ ዋናው ነገር አለማጥፋቱ ነው።

ሁለተኛ፣ የተሰበረ ፕሮግራም አለመጫን ነው። በየገበያው በነፃ የሚታደለው ቢሮ ፕሮግራም «አክቲቬተር» ከሚባል ማስነሻ ጋር ይመጣል፤ ይኸውም ማስነሻ ከሁሉ አስቀድሞ «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል። ቤት ሊጠብቅ መጥቶ ውሻውን እሰሩልኝ የሚል ዘበኛ ማን ያምናል? ለደብዳቤና ለሒሳብ ሥራ ሊብሬኦፊስ የተባለው በሕግ ነፃ የሆነ ፕሮግራም አለ፤ አማርኛም ይጻፍበታል።

ሦስተኛ፣ ማሻሻያ ሲመጣ ሳይዘገዩ መጫን ነው። ዳታ ይበላል ተብሎ የሚዘጋው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ለዳታው የሚወጣው ገንዘብ ከመዝገቡ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ለማራዘሚያው ያልተመዘገበ ኮምፒውተር ከዚያ ወዲህ የሚገኙትን ቀዳዳዎች የሚደፍን ማሻሻያ አያገኝም። ኮምፒውተሩ የሚችል ከሆነ ወደ 11 ማሳደግ፣ ካልቻለ ግን መዝገቡን የያዘውን ከኢንተርኔት ለይቶ ማስቀመጥ ይሻላል።

አራተኛ፣ የይለፍ ቃል ነው። የደብሩን ስም ከ1234 ጋር ማጣመር ቁልፍን በበር ላይ እንደ መተው ነው። ለኢሜይሉም ለቴሌግራሙም ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጨመር፤ በስልክ የመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ለጠየቀ ሁሉ፣ ወዳጅ ቢመስልም፣ አይሰጥ። «የሕንፃ ማሠሪያው ሒሳብ ቁጥር ተለውጧል» የሚል መልእክት ሲመጣም በሚታወቀው ስልክ ደውሎ ድምፅ ሳይሰሙ አንድ ብር አለመላክ ነው።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ቅጂ ነው። መዝገቡ በኮምፒውተሩ፣ በአንድ ሃርድ ዲስክ፣ እንደገናም ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ በሌላ ቦታ ይኑር። ሃርድ ዲስኩ ተሰክቶ መዋል የለበትም፤ ቆላፊው ቫይረስ ሲመጣ አብሮ ይቆልፈዋልና። ይህ ለቤተ ክህነት እንግዳ ትምህርት አይደለም። ብራና በእሳትም በጦርነትም እየጠፋ መጻሕፍቱ እስከ ዛሬ የደረሱት ከደብር ወደ ደብር እየተቀዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራም ወደ 9,000 የሚጠጉ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ቀድቶ በአገርና በባሕር ማዶ አስቀምጧል። አባቶች በቀለምና በብርዕ ያደረጉትን እኛ በሃርድ ዲስክ እናድርገው ማለታችን ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በሽታው ቢገባስ? ኢንተርኔቱን ማቋረጥ፣ ሌላ ፍላሽ አለመሰካት፣ ፎርማት አለማድረግ፣ የሚያውቅ ሰው መጥራት ነው። ለቆላፊው ገንዘብ መክፈል አይመከርም፤ የተከፈለው ወንበዴ ቁልፉን ለመስጠቱ ዋስትና የለም።

ውድ ጓደኞቻችን፣ በየዓመቱ ወደ አገራችን ስንመለስ ፊልም፣ መዝሙርና የመማሪያ ጽሑፍ በኪሳችን ይዘን እንገባለን። ሰዉም የተማረ ልጅ መጣ ብሎ ያለ ጥርጥር ኮምፒውተሩን ይከፍትልናል። የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። ከግቢ ከመውጣታችን በፊት ፍላሻችንን እንመርምር፤ በየመንደራችን ባለው ደብርም ሆነ መስጊድ፣ ትምህርት ቤትም ሆነ ዕድር ቢያንስ አንድ ቅጂ አስቀምጠን እንመለስ። እኛ ከአርብ ገበያ ከመነሣታችን በፊት የደብሩን መዝገብና የተረፈውን ዜማ በሁለት ሃርድ ዲስክ ቀድተን፣ አንዱን በብረት ሣጥኑ፣ ሁለተኛውን ጸሐፊው በመረጡት ሌላ ቤት አስቀምጠናል። ጸሐፊው መርቀው ሸኙን፤ በፍላሹ ላይ ስለነበረው ዜማ ግን አንድ ቃል አልተናገሩም፤ እኛም ለመጠየቅ አልደፈርንም።