የመድኃኒት ቅሪት ወደ ሐዋሳ ሐይቅ እንዳይገባ

የሐዋሳ ሐይቅ የጥቁር ውኃን ወንዝና የክረምት ጎርፍን ይቀበላል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ ከጤና ተቋማት፣ ከመኖሪያ ቤትና ከከብት በረት ታጥቦ የሚገባው ቆሻሻ እዚያው ሊከማች ይችላል።

ለታመመች ላም የሚወጋው ኦክሲቴትራሳይክሊን ሁሉም በሰውነቷ ውስጥ አያልቅም፤ ከፊሉ በሽንትና በእበት ይወጣል። ቅሪቱ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ተህዋስያን መድኃኒቱን ይላመዱታል። ያን ጊዜ መድኃኒቱ ሰውንም ሆነ ከብትን ማዳን ይሳነዋል።

ተመራማሪዎች ከሚሞክሯቸው መፍትሔዎች አንዱ የፀሐይ ብርሃን ነው። ለነጭ ቀለም መሥሪያ የሚውለው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በናኖ መጠን ሲደቅ፣ ማለትም በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ እስኪለካ ሲያንስ፣ ብርሃን ሲያርፍበት መድኃኒትን የሚሰባብሩ ንጥረ ነገሮችን በውኃው ውስጥ ይፈጥራል። የዚህን ውህድ ጠባይ ጃፓናውያኑ ፉጂሺማና ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1972 ለዓለም አሳውቀዋል።

ሆኖም የሚሠራው በአልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ ይህ ደግሞ ከፀሐይ ብርሃን 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የደፈረሰ ውኃ ብርሃኑን ይጋርዳል፤ ዱቄቱንም መልሶ ማጣራት ያስፈልጋል። በመሆኑም ዘዴው የሚስማማው ቀድሞ ለተጣራ ፍሳሽ እንጂ ለሐይቅ አይደለም። ውኃን በጠርሙስ ፀሐይ ላይ ማቆየትም ጀርም ይገድላል እንጂ የመድኃኒት ቅሪትን ያስወግዳል ተብሎ አይታመንበትም።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ከምንጩ መከላከል ነው። አርሶ አደሩ የከብት መድኃኒትን በባለሙያ ትእዛዝ ብቻ ይጠቀም፤ የታከመ ከብት እበትን ከወንዝ ዳር አርቆ ኮምፖስት ያድርግ፤ የተረፈ መድኃኒትና ብልቃጥ ወደ ውኃ አይጣል። የወረዳ ጤናና ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም ጊዜ ያለፈበት መድኃኒት የሚሰበሰብበትን ቦታ በጋራ ሊያመቻቹ ይገባል።