የቆመ ሞተር ባትሪ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ባትሪ ነው። ሌሊት መንገድ የምናይበትን የእጅ ባትሪ ማለቴ አይደለም። ያን ከባዱን፣ በውስጡ አሲድ ያለበትን፣ ሞተር የሚያስነሣውን ነው።

ሜጋንና አካባቢዋን የምታውቁ ነገሩን አይታችሁታል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ዝናብ ሲዘንብ ኩሬ ይሞላል። ከብቱም ከኩሬ ይጠጣል። ያን ጊዜ የጥልቅ ጉድጓዱ ሞተር ይቆማል። ውሃ ደጃፍ እያለ ነዳጅ ለምን ይቃጠል? ደግ ነው። ግን ሞተሩ ሲዘጋ ባትሪውም እዚያው እንደ ታሰረ ይረሳል። ኋላ ኩሬው ይደርቃል። ከብቱ ተጠምቶ ይመጣል። ሞተሩም አልነሣም ይላል። እንደ ዱብሉቅ ያለ ኤላ ባለበት ሰው ተቀባብሎ በጉልበቱ ውሃ ያወጣል። ሞተር ብቻ ባለበት ግን ጉልበት ምን ያደርጋል?

«ማንም ሳይነካው እንዴት ሞተ?» ትሉ ይሆናል። የሞተው ማንም ስላልነካው ነው።

በባትሪው ውስጥ የእርሳስ ዝርጎች አሉ። እርሳስ ስል የምንጽፍበትን ሳይሆን ከባዱን ማዕድን ነው። ዝርጎቹ አሲድ ባለበት ውሃ ውስጥ ይቆማሉ። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ በዝርጎቹ ላይ ነጭ ነገር ይለብሳል። ቶሎ ቻርጅ ከተደረገ ያ ነጭ ነገር ተመልሶ ይሟሟል። ወራት ከቆየ ግን ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ ቻርጅ ብታደርጉትም አይለቅም። ባትሪ ደግሞ ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥም ኃይሉ በራሱ ጥቂት በጥቂት ያልቃል። ሙቀት ይህን ያፋጥነዋል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል።

በቀዝቃዛ አገር ሰዎች ይህን የሚያስቡት በክረምት ነው። ሐይቁ በረዶ ከመሆኑ በፊት ጀልባቸውን ያወጣሉ፤ ባትሪውንም ፈትተው ያስቀምጣሉ። ባዶ ባትሪ በብርድ ረግቶ ይሰነጠቃል። የሞላው ግን ብርዱን ይችላል። እኛን የሚጎዳን ሙቀቱ ነው። ቢሆንም ለሁለታችንም የሚበጀው አንድ ነው፦ ባትሪ የሚቀመጠው ሞልቶ ነው።

እንግዲህ ሞተሩ ሊቆም ሲል ባትሪውን ቻርጅ አድርጉ። ጥቂት ሰዓት ከዐረፈ በኋላ በመለኪያ ለኩት። ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ሞልቷል። 12.0 ካሳየ ሊያልቅ ነው። ከዚያ ሽቦዎቹን ፍቱ። በባትሪው ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት አለ። መጀመሪያ የሚፈታው የመቀነሱ (−) ነው። የመደመሩን (+) አስቀድማችሁ ስትፈቱ ቁልፉ የሞተሩን ብረት ቢነካ እሳት ይረጫል። ስትመልሱት የመቀነሱ መጨረሻ ይታሰራል።

ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ ከፍታችሁ እዩ። ዝርጎቹ በውሃ መሸፈን አለባቸው። የሚጨመረው በሱቅ የሚሸጠው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። አሲድ አትጨምሩ። የጉድጓድ ውሃማ በፍጹም! የማንቆርቆሪያችሁን ውስጥ እስቲ ተመልከቱ። ያ ነጭ ቅርፊት ከውሃው የመጣ ነው፤ ባትሪውንም ያበላሻል። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ታጠቡ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ሂዱ።

ማስቀመጫው ጥላ፣ ደረቅና ነፋስ የሚገባበት ይሁን። ሰው የሚተኛበት ቤት ግን አይሁን። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚቃጠል ጋዝ ይወጣዋልና ሲጋራም ሆነ ክብሪት አይቅረብ። «ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ ይሞታል» የሚሉ አሉ። በዛሬው የፕላስቲክ ባትሪ ይህ እውነት አይደለም።

የሞተውን ባትሪስ? ሰብራችሁ አትጣሉት። ከብት የተሰበረ ባትሪ ይልሳል። እርሳሱ ይመርዘዋል፤ ዓይኑ ይጠፋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይሞታል። ልጆችም ቢጫወቱበት ይመረዛሉ። ሳይከፈት ለሚሰበስቡ ሰዎች ስጡት። እርሳስ ያለበት የሶላር ባትሪም አለ። ክዳን ከሌለው አትክፈቱት፤ የቀረው ምክር ለእሱም ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ከሁሉ የሚከብደው ማስታወስ ነው። ባትሪው በየወሩ መለካት አለበት። 12.4 ሲደርስ እንደገና ቻርጅ ይደረግ። ለዚህ ደግሞ አሁን እርሳስ መያዝ ለምዳችኋል፤ የምንጽፍበትን ማለቴ ነው። አንድ ወረቀት ባትሪው አጠገብ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። እንዲህ እያላችሁ ጻፉበት፦

ሚያዝያ 1፣ 12.7፣ ሞልቷል።
ግንቦት 1፣ 12.4፣ ቻርጅ ተደረገ።

ከሥሩም የለካው ሰው ስሙን ይጻፍ።