ካዮገር፣ ሌዋታንና የወለጋ ወንዞች

ፖክሞን በተባለው የጃፓን ጌም ውስጥ ካዮገር የሚሉት የባሕር ፍጡር አለ። መልኩ ሰማያዊ፣ ቁመናው ዓሣ ነባሪ መሳይ ነው፤ ከግራና ከቀኙ የተዘረጉት ሰፋፊ ክንፎቹ ወደ ጫፋቸው የእጅ ጣት ይመስላሉ። የጌሙ መዝገብ ርዝመቱን 4.5 ሜትር፣ ክብደቱን 352 ኪሎ ግራም ይለዋል። ከባሕር በታች ባለ ዋሻ ተኝቶ ይኖራል። ሲነቃ ሰማይ ይጠቁርና ዝናብ ይጀምራል፤ የጀመረው ዝናብ ደግሞ አያባራም። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ‹ሳፋየር› በተባለው ክፍል ቲም አኳ የሚባል ቡድን ባሕር ቢሰፋ ለሕይወት ሁሉ ይበጃል ብሎ ይህን ፍጡር ይቀሰቅሰዋል። ከነቃ በኋላ ግን የሚመልሰው ያጣል፤ ከተሞች በጎርፍ ሊዋጡ ይቃረባሉ።

ወለጋ ላደገ ሰው ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም። ነቀምቴ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ፣ ክረምቷ ረጅም የሆነ የወይና ደጋ ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ጊምቢም ሆነ ወደ በደሌ የሚሄድ ዴዴሳን ይሻገራል፤ በቡሬ በኩል ወደ ጎጃም የሚያልፍ መጀመሪያ አንገርን፣ ቀጥሎም አባይን ያገኛል። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን በሐምሌና በነሐሴ የሞላ ወንዝ ዘመድን ከዘመድ፣ ገበያን ከገበያ ይቆርጥ ነበር። የማያባራ ዝናብ ምን እንደሚያስፈራ የዚህ አገር ሰው ከማንም ሳይማር ያውቀዋል።

በጌሙ ውስጥ ከውሃ ጋር የተያያዙት ታላላቅ ፍጡራን ብዙ ናቸው። ሉጊያ በባሕር ጥልቅ የሚኖር ነጭ ፍጡር ሲሆን፣ ክንፉን ቢያራግብ 40 ቀን የሚቆይ ማዕበል ያስነሳል ይባልለታል። ስዊኩን የቆሸሸ ውሃን የሚያጠራ፣ ከሰሜን ነፋስ ጋር የሚሮጥ ነው። ማናፊ የባሕር ልዑል ይባላል። ጊያራዶስ ከእነዚህ ማዕረግ ባይገባም ታሪኩ ከሁሉም የቆየ ነው፤ ፏፏቴ ሽቅብ ወጥቶ ዘንዶ ስለሚሆን ዓሣ ከሚነገረው የቻይና አፈ ታሪክ የተወሰደ ነው። በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚልቀው ካዮገር ነው፤ ምክንያቱም ከአውሬነቱ ይልቅ አየሩን በመለወጡ ይፈራል።

የጌሙ ፈጣሪ ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ በቶኪዮ ዳርቻ በምትገኘው ማቺዳ ነፍሳት እየሰበሰበ ያደገ ሰው ነው። ከተማው ሲስፋፋ ኩሬውና ጫካው በአስፋልትና በቤት ተተካ፤ እርሱም የከተማ ልጆች የማሰስንና የመሰብሰብን ደስታ እንዲያገኙ ብሎ ጨዋታውን አሰበው። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች እ.ኤ.አ. በየካቲት 1996 በጃፓን ወጡ። የዚህ ሁሉ ዓለም መነሻ እንግዲህ አንድ ልጅ በሰፈሩ ኩሬ ዳር ያየው ነገር ነበር።

ካዮገር ብቻውን አልተፈጠረም። የየብሱ ግራውዶን ጠላቱ ነው፤ ሁለቱ ሲጣሉ የሰማዩ ሬይኳዛ ወርዶ ያበርዳቸዋል። ብዙዎች እነዚህን ሦስቱን ከሌዋታን፣ ከብሔሞትና በአይሁድ መምህራን ትውፊት ዚዝ ከሚባለው ታላቅ ወፍ ጋር ያዛምዷቸዋል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ እዚህ ላይ ወደ ቤቱ ይገባል። የባሕሩና የየብሱ አውሬ ተለይተው ሥፍራ የተሰጣቸው በመጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 60 ነው፤ ይህን መጽሐፍ ደግሞ ሙሉውን ጠብቆ ያቆየው ግእዝ ብቻ ነው። በዚያ ምዕራፍ ሴቲቱ ሌዋታን ከውሃ ምንጮች በላይ በጥልቁ ባሕር ትኖራለች፤ ወንዱ ብሔሞት ከገነት በስተምሥራቅ ዴንዳይን በተባለ በረሃ ይቀመጣል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ቁጥር የሚገባው ዕዝራ ሱቱኤልም ሁለቱ በአምስተኛው ቀን ተፈጥረው አንዱ ውሃውን፣ ሌላው የብሱን እንደተካፈሉ ይተርካል። ጃፓን ውስጥ በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ላይ የሚጣሉት ሁለቱ ፍጡራን ያላቸው ክፍፍል በገዳሞቻችን ብራና ላይ ለዘመናት ሲገለበጥ የኖረው ያው ክፍፍል ነው።

መጽሐፈ ሄኖክን ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ የወሰደው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ ተመለሰ። ያው ሰው በኅዳር 1770 ግሽ አባይ ደርሶ፣ ከእርሱ በፊት ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ያየውን ምንጭ አይቷል። በምንጩ አጠገብ የሚኖሩ አገዎች ለወንዙ መንፈስ መሥዋዕት እንደሚያቀርቡ፣ ለዚህም የተለየ አገልጋይ እንዳላቸው ጽፏል። በዚያው ግሽ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ታሪክም ይነገራል፤ ጻድቁ ለውሃው አደራ የሰጧቸውን መጻሕፍት ምንጩ ሳያረጥብ መለሰላቸው ይባላል። ሰሜኑ ውሃን እንዲህ በሁለት መንገድ ያውቀዋል፤ አደራ የሚጠብቅ አለ፣ ጋኔን የሚያድርበትም አለ። በቀትር ብቻህን ወንዝ አትውረድ የሚለው የእናቶች ማስጠንቀቂያ ከሁለተኛው የመጣ ነው።

ወደ ወለጋ ስንመጣ ነገሩ ይለያል፤ መዘግየት የሚገባንም እዚህ ነው። በምዕራብ ኦሮሞ መካከል ለዓመታት የኖረው የሆላንድ ካቶሊክ ካህን ላምበርት ባርትልስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ የሜጫ ኦሮሞ ሽማግሌዎችን ትረካና ሥርዓት መዝግቧል። ከነዚህ አንዱ ፍጥረት የወጣው ከሆረ ዋላቡ ውሃ ነው የሚለው ነው። ውሃ በዚህ አስተሳሰብ የጭራቅ ማደሪያ ሳይሆን የመውጫ በር ነው። ከወሊድ ጋር የምትጠራው ማራም፣ የሴቶች ሥርዓት የሆነው አቴቴ፣ የወንዝ ማቋረጫው መልካ ሁሉም ርጥበትንና ሕይወትን አንድ አድርገው ያያሉ።

ከሁሉም የሚታወቀው ኢሬቻ ነው። ክረምቱ አልፎ ወንዝ ሲጎድል፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ሰው በአገር ልብስ አጊጦ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይዞ ወደ ውሃ ይወርዳል። አባ ገዳዎችና ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፤ ሕዝቡ ይቀበላል። ሣሩ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ጠብታው በራስ ላይ፣ በልጅ ግንባር ላይ፣ አጠገብ በቆመው ሰው ላይም ይረጫል። ትልቁ ስብሰባ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ቢሆንም በየዞኑ መልካ ወርዶ የሚያመሰግን ብዙ ነው። ሌላው ኢሬቻ በተራራ ላይ የሚደረገውና ዝናብ የሚለመንበት ነው። ስለዚህ አንዱ ውሃ ስጠን ይላል፣ ሌላው ውሃው ልክ ይዞ ስላለፈ ያመሰግናል።

በዓሉን የሚያከብሩ ሽማግሌዎች ደጋግመው የሚያስረዱት አንድ ነገር አለ፤ ምስጋናው ለፈጣሪ ለዋቃ እንጂ ለውሃው አይደለም። ውሃው የምስጋናው ሥፍራ ነው። ይህን መስመር ያልያዘ ሰው ስለ ወለጋ የውሃ ትውፊት ሲጽፍ የግድ ይስታል። እዚህ የሚመለክ የወንዝ አውሬ ፈልጎ የሚመጣ ተመራማሪም፣ ጸሐፊም፣ ጌም ሠሪም የሚያገኘው ፈጣሪና ሰው በዝናብ በኩል ያላቸውን ግንኙነት ነው። ካዮገር ያንን ፍርሃት በአንድ አካል ሰብስቦ አሳየ፤ የሜጫ ሰው ግን ለፍርሃቱ አካል አልሰጠውም፤ ምስጋና የሚያደርስበትን ቀን ሰጠው።

አካል ያላቸው ደግሞ አሉ፤ በዴዴሳ ሸለቆ ጉማሬና አዞ ይኖራሉ። የመጽሐፈ ኢዮብ ተርጓሚዎች ብሔሞትን ብዙ ጊዜ ጉማሬ፣ ሌዋታንን አዞ ይሏቸዋል። ሄኖክ በባሕርና በበረሃ የለያቸው ሁለቱ እንግዲህ እዚህ በአንድ ወንዝ ይኖራሉ። ይህን ሳስብ የወለጋ ልጅ ታላላቅ ፍጡራንን ፍለጋ ሩቅ መሄድ እንደሌለበት ይሰማኛል።

የጉማሬን መንገድ በወንዝ ዳር ማየት ብቻውን ትምህርት ነው። ግራና ቀኝ እግሩ ተራርቆ ስለሚረግጥ ዱካው ሁለት ቦይ ይሆናል፤ በመካከሉ የሣር ጉብታ ይቀራል። ከውሃው ወደ ግጦሹ በየሌሊቱ በዚያው ስለሚመላለስ ቦዩ እየጠለቀ ይሄዳል። በመንገዱ ዳር ባለ ቁጥቋጦ ላይ ፋንድያውን በጅራቱ እየበተነ ምልክት ያኖራል። ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ሲውል የሚታዩት ዓይኑ፣ ጆሮውና አፍንጫው ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም ከራሱ አናት ላይ በአንድ መስመር ተቀምጠዋል። አምስት ደቂቃ ያህል ትንፋሹን ይይዛል። ከመዋኘት ይልቅ ታችኛውን መሬት እየረገጠ ይራመዳል። ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳው ደም የሚመስል ቀይ ፈሳሽ ያመነጫል፤ ከቃጠሎ የሚጠብቀው ይኸው ነው። ሌሊት ወጥቶ በቆሎ ወይም ማሽላ የገባ ጉማሬ የአንድ ቤተሰብን የዓመት ድካም ያወድማልና ገበሬው በአድናቆት ብቻ አይመለከተውም። አዞም ሌላ ድንቅ አለው፤ የልጆቹ ጾታ የሚወሰነው በጎጆው አሸዋ ሙቀት ነው፤ ሲፈለፈሉም እናት በዚያ በሚያስፈራው አፏ ይዛ ወደ ውሃ ታደርሳቸዋለች።

ለእንዲህ ያለ ታሪክ የሚሆን ሥፍራ ቢፈለግ ደግሞ በወለጋ ሆሮ ጉዱሩ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የፊንጫ ግድብ ሲሠራ የጮመን ረግረግ ወደ ሐይቅነት ተለወጠ። ውሃው ከፍ ሲል የረግረጉ ሣርና ሥር ከታችኛው አፈር ተላቆ በከፊል ተንሳፈፈ። ውሃው የግጦሽ መሬት፣ የእርሻ ማሳና መኖሪያ ዋጠ፤ ብዙ ቤተሰብም ተነሳ። ከግድቡ የሚመነጨው ኃይል ለአገር መብራት ሆነ፣ ከታች ባለው ሸለቆም የስኳር ፋብሪካ ተተከለ። የቲም አኳ ታሪክ የሚጠይቀው ጥያቄ፣ ውሃን ማስፋት ለማን ይበጃል የሚለው፣ በጮመን ዳር ለሚኖር ሰው የቤቱ ጉዳይ ነው። ሻምቡ አካባቢ ያሉ ሽማግሌዎች ከግድቡ በፊት ስለነበረው ረግረግ የሚያስታውሱት ነገር ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል።

የቃል ሀብቱን መሰብሰብ በወለጋ አዲስ ሥራ አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ገኖ ሁለቱም በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው፣ በኋላ ነጻ ወጥተው ምጽዋ አጠገብ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ተማሩ። አስቴር በአፍ የሚነገረውን ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ከትዝታዋ እያወጣች ጻፈች፤ ከዚያ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ ውስጥ ገባ። በ1899 ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታተመ፤ የኢዮብ ሁለቱ አውሬዎችም በዚያው ወደ ቋንቋው ገቡ። በ1904 ኦነሲሞስና አስቴር ወደ ነቀምቴ መጥተው አስተማሩ። ከተወሰደችበት አገር ርቃ፣ መዝገብ ሳይኖራት፣ የእናቶቿን ተረት በልቧ ይዛ የቆየች ሴት የሠራችው ሥራ እስካሁን ከሚገባው በታች ይታወቃል፤ ስሟ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ መሆን ነበረበት።

ፖክሞን ዛሬ ከ1,000 በላይ ፍጡራን አሉት። ዓለሞቹ በጃፓን ክፍለ ሀገሮች፣ በኒውዮርክ፣ በፈረንሳይ፣ በሀዋይ፣ በብሪታንያና በስፔን አምሳል ተሠርተዋል፤ በዋነኞቹ ክፍሎች በአፍሪካ አምሳል የተሠራ ዓለም እስካሁን የለም። ያንን ከጃፓን መጠበቅ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ላይ ቅኔ የተባለው ድርጅት ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን ‹ኩኩሉ› ሠርቶ፣ የአገር ቤት ነገር በስልክ ላይ እንደሚያምር አሳይቷል። በነቀምቴና በደምቢ ዶሎ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ወጣቱ የሚጫወተው ይበልጡን የእግር ኳስ ጌም ነው፤ እጁ ግን የሠለጠነ ነው፤ ከመካከሉ ሠሪ ይወጣል።

የሚሠራው ሰው መጀመሪያ ሊለየው የሚገባ ነገር አለ። ዋቃም፣ አቴቴም፣ ማራምም በፖክሞን እንደሚደረገው በኳስ ውስጥ የሚያዙ ፍጡራን አይደሉም። የሰው እምነት ናቸው፤ ለመጫወቻ ቢቀርቡ አያትም ልጅም ይጎዳል። ለጨዋታ የተፈቀደው ሌላው ነው፤ ማታ ማታ እሳት ዳር የሚነገረው የእንስሳት ተረት፣ ሁለት ቦይ የሚያወጣው ጉማሬ፣ ልጇን በአፏ የምትሸከመው አዞ፣ የሚንሳፈፈው የጮመን ሣር፣ በነሐሴ የሚሞላው አንገር። ነቀምቴ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የወለጋ ሙዚየምም እዚያው ነው። የቋንቋና የኮምፒዩተር ተማሪ አብረው ድምፅ መቅጃ ይዘው ወደ ወንዝ ዳር መንደሮች ቢወርዱ የሚጠይቁት ብዙ ነው፤ በየትኛው መልካ ማን ይሻገር ነበር፣ የትኛው የውሃ ጥግ ለልጆች ይከለከል ነበር፣ ጉማሬን ከማሳ የሚያስወጡት በምን ድምፅ ነበር፣ ወንዙ ሊሞላ ሲል ሽማግሌዎች ከምን ምልክት ያውቁ ነበር።