ሐውልቱ ርካሽ፣ ሰዓቱ ውድ

በማሽን የታተመ የደረት ሐውልት ቀለም መቀባት፦ ከትርፍ ጊዜ ሥራ ወደ ገበያ

የአንድ ዕቃ የማምረቻ ወጪ በድንገት ሲወርድ ትርፉ ከገበያው አይጠፋም፤ ወደ ሌላ እጅ ይዛወራል። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በእስያ ብዙዎች በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩት የገጸ ባሕርይ ሐውልት ቀለም የመቀባት ሥራ ይህንኑ ያሳያል። ሐውልቱ ከራስ እስከ ደረት ያለውን ብቻ የሚያሳይ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ምስል ነው።

በብርሃን የሚጠነክር ፈሳሽ ሬዚን እየደራረቡ ቅርጽ የማውጣት ዘዴ አሜሪካዊው ቻርልስ ሃል እ.ኤ.አ. በ1986 የፈጠራ መብት ያገኘበት ነው። ማሽኑ ለረጅም ዓመታት የፋብሪካ ዕቃ ሆኖ ቆይቷል። ከ2018 ወዲህ ግን አኒኪዩቢክና ኤሌጉ የተባሉት የቻይና ሼንዘን ኩባንያዎች በጥቂት መቶ ዶላር የሚገዙ ማሽኖች አቅርበዋል። እያንዳንዱ የሬዚን ንብርብር 0.05 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው፣ ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሐውልት በ2,000 ንብርብር ይታተማል ማለት ነው። የሬዚኑ ኪሎ 25 ዶላር ቢሆንና ሐውልቱ 60 ግራም ቢፈጅ፣ የቁሱ ወጪ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነው።

ዋናው ወጪ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ከማሽኑ የወጣው ሐውልት በአልኮል ይታጠባል፤ የደገፉት ቀጫጭን ምሰሶዎች ይነቀላሉ፤ ከዚያም በአልትራቫዮሌት ብርሃን እንዲጠነክር ይደረጋል። ጠባሳው በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ጎድጓዳው እንደ መኪና አካል በስቱኮ ይሞላል። ያልጠነከረ ሬዚን ቆዳን ስለሚያስቆጣ ጓንትና አየር የሚገባበት ክፍል የግድ ነው። ውስጡ ክፍት ሆኖ የታተመ ሐውልት በሚገባ ካልታጠበ፣ የቀረው ፈሳሽ ከጊዜ በኋላ ሊሰነጥቀው ይችላል። ሐውልቱ ተሽጦ ከሆነ ቅሬታው የሚመጣው ወደ ሻጩ ነው።

ቀጥሎ መነሻ ቀለም ይነፋል። ብዙዎች ጥቁሩን ሙሉ በሙሉ ከነፉ በኋላ ነጩን ከላይ ወደ ታች ብቻ ይነፋሉ፤ ይህም ብርሃንና ጥላ የት እንደሚያርፉ አስቀድሞ ያመለክታል። የፊቱ ቆዳ በአንድ ቀለም አይሞላም። በውኃ የቀጠነ አክሪሊክ ከጠቆረው ወደ ፈካው እየተደረበ፣ እያንዳንዱ ሽፋን እስኪደርቅ እየተጠበቀ ይቀባል። መጨረሻ ላይ የማያንጸባርቅ ቫርኒሽ ይደረጋል፤ ዓይን ላይ ብቻ የሚያንጸባርቅ ጠብታ ይጨመራል።

ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ሰው 30 ሰዓት የደከመበትን ሐውልት በ200 ዶላር ሸጠ እንበል። ለሬዚን፣ ለቀለም፣ ለብሩሽና ለማሽን እርጅና 35 ዶላር ቢቀነስ 165 ዶላር ይቀራል፤ ለሰዓቱ የሚደርሰው 5 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። በምዕራቡ ዓለም ከተሞች ይህ የቀን ሥራ ደመወዝ አይሆንም። ለትርፍ ጊዜ ሠሪው ደስታው የክፍያው አካል ስለሆነ አይከፋውም፤ ኑሮዬን እመራበታለሁ ለሚል ግን ያከስራል።

ሠሪው ካላተረፈ ታዲያ የሚያተርፈው ማነው? የእንግሊዙ ጌምስ ወርክሾፕ መልሱን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተውና ዋና መሥሪያ ቤቱ ኖቲንግሃም የሆነው ይህ ኩባንያ የራሱን ገጸ ባሕርያት በአብዛኛው ያልተቀቡና ያልተገጣጠሙ አድርጎ ይሸጣል፤ ሲታደል የተባለውን ቀለምም ጨምሮ ያቀርባል። ከፍተኛውን የሰዓት ወጪ የሚሸፍነው ገዢው ራሱ ነው። እስከ ሰኔ 2025 መጀመሪያ ባለው የሒሳብ ዓመት ሽያጩ ከ600 ሚሊዮን ፓውንድ አልፏል። በታኅሣሥ 2024ም በለንደን የአክሲዮን ገበያ ከታላላቆቹ መቶ ኩባንያዎች ዝርዝር ገብቷል።

ሌላው የገቢ ምንጭ መብት ነው። የአንድ ፊልም ገጸ ባሕርይ ቅርጽ ፋይል ስለተገኘ ብቻ አትሞ መሸጥ አይቻልም፤ ከባለ መብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። በኮምፒዩተር ቅርጽ የሚያወጡ ባለሙያዎች ለግል መጠቀሚያ ፋይሉን በአነስተኛ ዋጋ እየሸጡ፣ ለነጋዴ የተለየ ወርኃዊ ክፍያ ይጠይቃሉ። ጥንታዊ ሥራም ቢሆን ሁልጊዜ ነፃ አይደለም። በ1912 በግብፅ አማርና የተገኘችውና በበርሊን የምትገኘው የንግሥት ነፈርቲቲ የደረት ሐውልት ከ3,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላት። የቅርጿ ፋይል በ2019 ለሕዝብ ሲለቀቅ ግን ለንግድ መጠቀምን የሚከለክል ፈቃድ ተያይዞበት ነበር።

በመሆኑም ማሽን ገዝቶ ወደዚህ ገበያ ለመግባት የሚያስብ ሰው ከማሽኑ ዋጋ በፊት የፋይሉን ፈቃድ ማንበብ ይጠበቅበታል። የመጀመሪያውን ሐውልት ሲሠራም የፈጀውን ሰዓት ይመዝግብ፤ የመሸጫ ዋጋው መነሻ የሬዚኑ ኪሎ ሳይሆን ይህ መዝገብ ነው።